እንጨት የሚያደርቀው ሙቀት ብቻ አይደለም

ስለ ማገዶ በተነሳ ቁጥር ወሬው ወደ ምድጃው ያዘነብላል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ምርጥ፣ ላቀች፣ ጎንዝዬ የተባሉ ማገዶና ከሰል ቆጣቢ ምድጃዎች በየክልሉ ተሠርተው ተሰራጭተዋል። መልካም ሥራ ነው። ምርጥ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። ምድጃው ውስጥ ስለሚገባው እንጨት ግን የሚጠይቅ ብዙ ሰው አይገኝም። መቼ ተቆረጠ? ተፈልጧል ወይስ ድቡልቡሉን ነው የመጣው? ግቢ ውስጥ የተከመረው መሬት ላይ ነው? ክረምቱን ያሳለፈው ምን ለብሶ ነው? የምድጃው ጥቅም ግማሹ ያለው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ውስጥ ስለሆነ፣ ዝም መባሉ አግባብ አይመስለኝም።

ኤሌክትሪክ እየመጣ የማገዶ ነገር ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ መብራት የማይቆራረጥበት ቤት ያለው ሰው በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግር ከሁሉ የተሻለ መሆኑም አያከራክርም። ይሁንና አብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። የገጠሩ ቤት፣ የትምህርት ቤቱ ምገባ ማዕድ ቤት፣ የዳቦ ምድጃው፣ እንደ አርሲ ነገሌ ባሉ ከተሞች አረቄ የሚያወጡት ሴቶች ነገ ጠዋት እሳት የሚያነዱት በእንጨት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ከዚያ ጭስ ውስጥ ቀላል የማይባለው በእርጥብ እንጨት የሚመጣ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ገንዘብ ሳይወጣበት ሊቀነስ የሚችል ነው።

ከሸክሙ እንጀምር። አንዲት እናት ከእንጦጦ 30 ኪሎ የሚመዝን ገና የተቆረጠ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ ብትወርድ፣ ከዚያ ውስጥ 15 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ የክብደቱ ግማሽ አካባቢ ውሃ ነውና። ያው እንጨት ጫካው ዳር ተፈልጦ ውሃው የክብደቱ አንድ አምስተኛ እስኪሆን ቢደርቅ ኖሮ ሸክሟ ከ19 ኪሎ አይበልጥም ነበር፤ እሳቱ ላይ የሚነደው እንጨት ግን ያው 15 ኪሎው ነው። ቀሪውን 11 ኪሎ ዳገት ቁልቁለቱን በጀርባዋ የተሸከመችው በነጻ ሊተን የሚችል ውሃ ነው። ይህን ሳስብ እንጨት ማድረቅ የምድጃ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የወገብና የጉልበት ጉዳይም መሆኑ ይታየኛል።

ምድጃው ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። አንድ ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2.5 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይበላል። አንድ ኪሎ ፍጹም ደረቅ እንጨት 18 ሜጋ ጁል አካባቢ ይሰጣል። ግማሹ ውሃ የሆነ እንጨት ስታነዱ እንግዲህ ከእያንዳንዱ ኪሎ ደረቅ እንጨት ጋር አንድ ኪሎ ውሃ ታፈላላችሁ ማለት ነው፤ የሚጠፋው ከሰባት አንድ እጅ ያህል ይሆናል። ይህ ቁጥር ብቻውን ሲታይ ያን ያህል አያስደነግጥም። በእርጥብ እንጨት የሚጋግሩ ሴቶች የሚያዩት ብክነት ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ነው፤ እነሱም ትክክል ናቸው።

ምክንያቱ እንጨት የሚነድበት መንገድ ነው። እንጨት ሲግል ከደረቅ ክብደቱ ሦስት አራተኛው ያህል ጋዝና ተን ሆኖ ይወጣል፤ ነበልባል የምንለው የዚያ ጋዝ መቃጠል ነው። ጋዙ እንዲቀጣጠል እሳቱ በጣም መጋል አለበት። እንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ እየፈላ በወጣ ቁጥር እሳቱን ስለሚያቀዘቅዘው፣ ጋዙ ሳይቃጠል ወደ ላይ ይሄዳል። ዓይን የሚያቃጥለው፣ ሳል የሚያስነሳው፣ ጣሪያው ላይ ጥቀርሻ ሆኖ የሚንጠለጠለው ጭስ እሱ ነው፤ ያልነደደ ማገዶ ማለት ነው። እናት እፍ እፍ እያለች የምታሳድገው እሳት ከማገዶዋ ከፊሉን በጣሪያው ቀዳዳ እየላከው ነው። ምጣዱም በወጉ አይግልም፤ ምጣድ ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ እንጀራው እንዳይበላሽ ተብሎ ጭራሮና ቅጠል ይጨመራል፤ ጭሱ እንደገና ይብሳል።

«እርጥብ እንጨት ይሻላል፤ ቶሎ አያልቅም» የሚል ክርክር በየሰፈሩ ይሰማል። እውነት አለው፦ ቶሎ አያልቅም። ቶሎ የማያልቀው ግን ስለማይነድ ነው። ደረቅ እንጨት ቶሎ የሚያልቅባት ሴት ምድጃው ውስጥ የምትከትተውን ቁጥር መቀነስ፣ እሳቱ ከተያያዘ በኋላም ወፈር ያለ ፍልጥ ማስከተል ነው ያለባት። ለአምስት እንጀራ የሚበቃውን ነበልባል ሁለት ደረቅ ፍልጥ ከሰጠ አራቱን ማስገባት አያስፈልግም።

ከሰል አክሳዮች ይህን ቀድመው ያውቁታል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ተክለው ከሰል የሚያከስሉ ገበሬዎች እርጥቡን እንጨት አፈር ቢያለብሱት፣ ከክምሩ ገሚሱ ሌላውን ለማድረቅ ሲነድ ያልቅና የሚወጣው ከሰል ያንሳል።

አሁን ወደ ማድረቁ። ውሃ ከእንጨት የሚወጣው በሁለት ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ከውስጥ ወደ ገጽ፣ ቀጥሎ ከገጽ ወደ አየር። የመጀመሪያውን የሚወስነው እንጨቱ ራሱ ነው። ዛፍ በሕይወት ሳለ ውሃ የሚያወጣው ከሥር ወደ ጫፍ በሚሄዱ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው፤ ከተቆረጠም በኋላ ውሃው በቀላሉ የሚወጣው በእነዚያው ቱቦዎች፣ ማለትም በሁለቱ ጫፎች በኩል ነው። በጎኑ በኩል መውጣት ከዚያ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ የዘገየ ነው። ቅርፊቱ ደግሞ ጭራሽ ውሃ እንዳያስወጣ ሆኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ቅርፊቱን የለበሰ ድቡልቡል ግንድ ፀሐይ ላይ ዓመት ቢቀመጥ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በምድጃው ልክ ተጎምዶ የተፈለጠ ግን በየአቅጣጫው መውጫ አለው። ውፍረቱም ከሚመስለው በላይ ይወስናል፦ የማድረቂያው ጊዜ የሚያድገው በውፍረቱ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ ውፍረቱን በግማሽ መቀነስ ጊዜውን ወደ ሩብ ሊያወርደው ይችላል። እንጨት ፈላጩ በተጨማሪ የሚሰነዝራት አንዲት የመጥረቢያ ምት ከብዙ ሳምንት ፀሐይ ትበልጣለች። እንጨቱ እርጥብ ሳለ መፍለጡም ይቀላል፤ ባሕር ዛፍ ደርቆ ከጠነከረ በኋላ መጥረቢያ ይመልሳል።

ሁለተኛውን ደረጃ የሚወስነው አየሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ምን ትሠራለች? አየሩን ታሞቃለች፤ የሞቀ አየር ደግሞ ውሃ የመጠጣት አቅሙ ይጨምራል። በክረምት የአዲስ አበባን አየር እንውሰድ። 18 ዲግሪ ላይ ያለ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ የሆነ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 12 ግራም ያህል ውሃ ይዟል፤ ከጠገበ 15 ግራም ነው፤ የቀረው ቦታ ጥቂት ነው። ያንኑ አየር በላስቲክ ጣሪያ ሥር 33 ዲግሪ ብታደርሱት 35 ግራም መያዝ ይችላል፤ እርጥበቱም ወደ ሲሶ ይወርዳል። ምንም ውሃ አልቀነሳችሁም፤ ጥማቱን ነው የጨመራችሁት። እንጨት በ80 በመቶ አየር ውስጥ እስከፈለገው ቢቆይ ከደረቅ ክብደቱ 16 በመቶ የሚያህል ውሃ ይዞ ይቆማል፤ በሲሶው አየር ውስጥ ግን ወደ 7 በመቶ ሊወርድ ይችላል።

ግን የተጠማው አየር ሲጠጣ ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ ካልወጣ፣ ሌላ የተጠማ አየር ካልገባ፣ ሙቀቱ ከንቱ ነው። ይህን በዓይን ማየት ቀላል ነው። ክረምት ሲገባ እርጥቡን ክምር ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ዳርና ዳሩን ድንጋይ ጭኖበት የተቀመጠ እንጨት በየግቢው አይጠፋም። ማለዳ የላስቲኩን ጫፍ ገለጥ አድርጉት። የውስጥ ገጹ በውሃ ጠብታ ተሸፍኗል፤ ስትነኩት ጠብታዎቹ እየተያያዙ ወርደው መልሰው ፍልጡ ላይ ይንጠባጠባሉ። ቀን ከእንጨቱ የተነሳው ውሃ ማታ ወደ እንጨቱ ተመልሷል። ሽታው የሻገተ ነው፤ የታችኛው ረድፍ ቅርፊት ላይ ነጭ ሻጋታ ይዟል። ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ሠርታለች፤ የሠራችው ግን እንጨቱን መቀቀል ነው። ከዚህ ይልቅ ምንም ሳይለብስ ነፋስ ላይ የቆመ ፍልጥ ይሻላል።

የይርጋጨፌና የሲዳማ ቡና አምራቾች ቡናውን መሬት ላይ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ ወንፊት አልጋ ላይ የሚያሰጡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ አየር ከላይም ከታችም እንዲያገኘው። ለማገዶ የሚያስፈልገው የፀሐይ ማድረቂያም ከዚህ የተወሳሰበ አይደለም። አራት ካሬ ሜትር የሚሆን ቦታ፣ ጥቂት አጣና፣ ለጣሪያው ብርሃን የሚያስገባ ወፍራም ላስቲክ፣ ለወለሉ ብሎኬት ወይም ድንጋይና በላዩ የሚረበረብ ጠርብ። የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ፀሐይ የማይበላው ላስቲክ ከተገኘ ዓመታት ይቆያል፤ ተራው ስስ ላስቲክ በደጋው ፀሐይ ቶሎ ይሰነጣጠቃል። ወለሉ ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ለአየርም፣ ለምስጥም፣ ለጎርፍም ነው። ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ያዘንብል። ዋናው ነገር ክፍተቱ ነው፦ በዝቅተኛው ጎን ከወለሉ ሥር ርዝመቱን ሙሉ አየር የሚገባበት፣ በከፍተኛው ጎን ጣሪያው ሥር ደግሞ ርዝመቱን ሙሉ የሚወጣበት። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሲወጣ ከታች ሌላውን ይስባል። ማራገቢያም መብራትም አያስፈልገውም። የጀርባውን ግድግዳ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ማድረግ ሙቀቱን ይጨምራል፤ ባይኖርም ይሠራል።

በፈረንጅ አገር የሚሠሩ ማድረቂያዎች የደቡቡን ግድግዳ ነው ብርሃን አስገቢ የሚያደርጉት፤ እዚያ በብርዱ ወቅት ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው። አዲስ አበባ ላይ ግን በታኅሣሥ እንኳ ቀትር ላይ ፀሐይ 57 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ በሌሎቹ ወራት ከዚህም ከፍ ብላ ወደ አናት ትቀርባለች። ስለዚህ እኛ ጋ ብርሃን መቀበል ያለበት ጣሪያው ነው። ከውጭ የተገኘን ንድፍ እንዳለ መገልበጥ ላስቲኩን ያባክናል።

ክፍተቱ ምን ያህል ይስፋ? ሒሳቡ እኔን ራሴን ያስገረመኝ ነው። የኢትዮጵያ ፀሐይ በአማካይ በቀን በአንድ ካሬ ሜትር 5 ኪሎ ዋት ሰዓት እና ከዚያ በላይ ትሰጣለች። ከአራት ካሬ ሜትር ጣሪያ የሚገኘው ሩቡ ብቻ ለማድረቅ ቢውል በቀን ከሰባት እስከ ስምንት ሊትር ውሃ ሊያተን ይችላል። ያንን ውሃ ይዞ የሚወጣው አየር በአንድ ሜትር ኩብ 8 ግራም ብቻ ቢጨምር፣ በቀን ወደ 1000 ሜትር ኩብ አየር በማድረቂያው ውስጥ ማለፍ አለበት። የማድረቂያው ስፋት ከጥቂት ሜትር ኩብ አይበልጥምና፣ ውስጡ ያለው አየር በቀን ከመቶ ጊዜ በላይ መለዋወጥ አለበት ማለት ነው። ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ለዚህ አይበቃም። የእጅ ስንዝር የሚያህል ክፍተት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ከላይም ከታችም ነው የሚያስፈልገው። ሙቀት እንዳይወጣ ብሎ ማጥበብ የሚያጓጓ ስህተት ነው፤ ውስጡ ገብታችሁ ላብ ካጠመቃችሁና ላስቲኩ ላይ ጠብታ ካያችሁ ክፍተቱን አስፉ።

ይኸው ሒሳብ ሌላም ነገር ይናገራል። አራት ኩንታል እርጥብ ፍልጥ ወደ አንድ አምስተኛ እርጥበት ለማውረድ 150 ኪሎ ውሃ መውጣት አለበት። በፀሐይዋ አቅም ብቻ ቢሆን ሦስት ሳምንት አካባቢ በበቃ ነበር። በተግባር ከዚያ ይረዝማል፤ መጀመሪያ ላይ ክብደቱ በየቀኑ ሲወርድ ይታያል፣ በኋላ ግን ውሃው ከእንጨቱ መሀል ለመውጣት ጊዜ ስለሚፈልግ ይዘገያል። እንቅፋቱ ፀሐይ ማነሷ ሳይሆን የእንጨቱ ውፍረት ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ላስቲክ ከመግዛት በፊት ተጨማሪ መፍለጥ።

የሳንቃ አድራቂዎች እንጨታቸው እንዳይሰነጠቅ ሲሉ ቀስ ብለው ነው የሚያደርቁት፤ ማታ ክፍተቱን ይዘጋሉ። ማገዶ ይህ ጭንቀት የለበትም። ቢሰነጠቅ ጥሩ ነው፤ ስንጥቁ ተጨማሪ መውጫ ነው።

ላስቲክ መግዛት የማይችል ቤትስ? ከሚያስፈልገው ውስጥ መጨረሻው ላስቲኩ ነው። የተፈለጠ፣ ከመሬት የተነሳ፣ ከላይ ብቻ ቆርቆሮ ወይም ሣር የለበሰ፣ አራት ጎኑ ለነፋስ የተከፈተ ክምር ሥራውን ይሠራል። ከላይ እንዳየነው የክረምት አየር እንኳ እንጨቱን 16 በመቶ አካባቢ ማድረስ ይችላል፤ በክረምት ማገዶን የሚያበላሸው ከላይ የሚወርደው ዝናብና ከታች የሚወጣው የመሬት እርጥበት ነው። ክምሩ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ፍልጦቹ በመሀላቸው አየር እንዲያልፍ ላላ ብለው ይደርደሩ፤ የተቆረጠው ጫፋቸው ግቢው ውስጥ ነፋስ ወደሚመጣበት ይዙር። እርጥብ እንጨት ምድጃው አጠገብ ወይም በላዩ ባለ ቆጥ ላይ አስቀምጦ ማድረቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ያደርቃል፣ ግን ቤት አቃጥሏል፤ ልጆች ባሉበት ቤት አልመክረውም።

ወቅቱን ካወቁበት ደግሞ ሥራው ይቀላል። በጥቅምትና በኅዳር የተቆረጠ እንጨት የበጋው ፀሐይና ነፋስ ሙሉ ለሙሉ ይጠብቀዋል፤ እስከ ግንቦት ደርቆ ክረምቱን ከጣሪያ ሥር ይገባል። ችግሩ ብዙው ሰው የክረምት ማገዶውን የሚፈልገው ሰኔ ላይ መሆኑ ነው፤ በዚያ ጊዜ ዋጋው ይወደዳል፣ እንጨቱም ከዛፉ ከወረደ ሳምንት አይሞላውም።

መድረቁን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከክምሩ መሀል አንድ ፍልጥ ላይ ምልክት አድርጉና በሚዛን መዝኑት፤ በየሳምንቱ መልሳችሁ መዝኑት፤ ክብደቱ መውረዱን ሲያቆም ደርቋል። ሁለት ደረቅ ፍልጦች ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፤ እርጥቦቹ ዱብ ይላሉ። ባለሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ፍልጡን እንደገና ሰንጥቆ አዲሱን የውስጥ ገጽ ይለካ፤ ውጪውን መለካት ሁልጊዜ ያታልላል። መለኪያው የሚያሳየው ውሃውን ከደረቁ እንጨት ጋር አነጻጽሮ ነው፤ ውሃው የጠቅላላው ክብደት አንድ አምስተኛ ሲሆን መለኪያው 25 ይላል።

እስካሁን ያልኩት ግቢ ላለው ሰው ነው። በአንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ማገዶውን በእስር የሚገዛ ቤተሰብ የት ያድርቀው? ለሱ እንጨቱ መድረቅ ያለበት ሻጩ ዘንድ ነው። ሻጩ ግን ለማድረቅ ምን ምክንያት አለው? አራት ኩንታል እርጥብ ፍልጥ ሲደርቅ ሁለት ኩንታል ተኩል ይሆናል። በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴ ገቢው እንዳይቀንስ የኪሎውን ዋጋ 60 በመቶ መጨመር አለበት፤ ገዢው ደግሞ ከጎን ያለውን ርካሽ እርጥብ ያያል። ስለዚህ ሁሉም ውሃ ይሸጣል፣ ሁሉም ውሃ ይገዛል። በእንግሊዝ ይህን በሕግ ነው የፈቱት፦ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ ከሁለት ሜትር ኩብ በታች የሚሸጥ ማገዶ እርጥበቱ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። እኛ ጋ በየመንገዱ ዳር የሚሸጥን እስር መቆጣጠር የሚቻል አይመስለኝም፤ ቢሞከርም ጫናው የሚያርፈው በተሸካሚዎቹ ሴቶች ላይ ነው።

መጀመር የሚቻለው በብዛት ከሚገዙት ነው። ለተማሪዎች ምግብ የሚያበስል ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል፣ ማረሚያ ቤት እንጨት የሚገዛው በመኪና ጭነት ነው፤ ሰፊ ግቢ አለው፤ በጀቱም አስቀድሞ ይታወቃል። ጭነቱን በኅዳር አስገብቶ፣ አስፈልጦ፣ ጎኑ ክፍት በሆነ መጠለያ ሥር ቢደረድረው በሰኔ የሚያነደው ደረቅ እንጨት ነው፤ የማዕድ ቤት ሠራተኞቹም ዓመቱን ሙሉ በጭስ ታፍነው አይውሉም። ከነጋዴ ደረቅ እንጨት ለመግዛት የሚፈልግም ካለ፣ የጨረታ ሰነዱ ላይ «ደረቅ ማገዶ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የእርጥበቱ ልክ በቁጥር ይጻፍ፤ ርክክቡ ላይ ከጭነቱ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ፍልጥ ተመዝዞ፣ ተሰንጥቆ ይለካ፤ ከተጻፈው በላይ ውሃ ከተገኘም የውሃው ክብደት ከክፍያው ላይ ይቀነስ።